የመጀመሪያው ዱቄት

ፋንታ የወፍጮ ድንጋይ ወቃሪ ነበር፤ ይህ እንዲነሣበት ግን አይወድም። ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉት ወፍጮ ቤቶች ጥርሱ አልቆ የተላሰ ድንጋይ በመዶሻ እየነቆረ ጥርስ በማውጣት የሚስተካከለው አልነበረም። እሱ ግን ለመሪነት የተፈጠርኩ ነኝ ብሎ ያስባል። ማን እንደነገረው እንጃ።

የጥገና ማኅበራቸው ቢቸና ላይ ዓመታዊ ግምገማ ሲያካሂድ አባላቱ እንደ ልማዱ ጥንካሬና ድክመታቸውን በወረቀት ጻፉ። የሞጣው ቅርንጫፍ ኃላፊ ጡረታ ወጥቶ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ፋንታም ያን ወንበር ሳልይዝ ብቀር ሰው አይደለሁም ብሎ ለሚስቱ ምሎላታል። ስለዚህ በጥንካሬ ሥር «አመራር፣ ንግግር፣ ዕቅድ» ብሎ ጻፈ። ስለ ወቀራ አንዲት ቃል የለችም። በድክመት ሥር ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ትሕትና አበዛለሁ» አለ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አካለ ወልድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እስቲ አንድ ወር ሞክረው» አሉት። «ወሩ ሲያልቅ መጥቼ አያለሁ። ከሆነልህ ማኅተሙ ያንተ ነው።»

ፋንታ ሞጣ የገባው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ስብሰባ ጠራ። የቅርንጫፉ ሠራተኞች ሁለት ናቸው፤ የሞተር ባለሙያዋ ሂዳያና ብየዳ ሠራተኛው ኸይረዲን። ለእነዚህ ለሁለቱ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ክቡራትና ክቡራን» ይል ነበር። ኸይረዲን እንቅልፉን እዚያው ይጨርሳል።

በወሩ ማብቂያ ላይ የሐጂ ከማሉዲን ወፍጮ ድንጋዩ ተላሰና ዱቄቱ እየሻከረ መጣ።

«ጋሽ ፋንታ፣ እኔ የማውቀው ሞተር ነው፤ ድንጋይ አልችልም» አለች ሂዳያ፣ ምንም ሳታፍር። «የእርስዎን ያህል እጅ ደግሞ የለም። ይውቀሩልን።»

ምስጋናዋ እንደ ስድብ ቆረቆረው። «ኃላፊ መዶሻ ሲይዝ የት አየሽ? ኸይረዲን ይውቀረው!»

«ኸይረዲን እኮ ብየዳ ነው ሙያው!»

«ይልመዳ!»

ኸይረዲን እንዳቅሙ ደበደበው። ድንጋይ ከተወቀረ በኋላ የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ ይይዛል፤ ስለዚህ ወቃሪው ከወፍጮው አፍ ቆንጠር አድርጎ ያኝካል፤ ጥርሱ ሥር የሚንቀጫቀጭ ነገር እስኪጠፋ ድረስ የሰው እህል አይገባም። ሂዳያ ይህን አስታወሰችው። «ቢያንስ እርስዎ ይቅመሱልን» አለችው። እህል ያመጡ ሴቶች ደጅ ተሰልፈው ያያሉ። በእነሱ ፊት፣ በከረባት፣ ዱቄት ሊቅም? አፍንጫውን ነፋና «ይፈጭ!» አለ።

በማግሥቱ ጋሽ አካለ ወልድ ከቢቸና መጡ። ሐጂ ከማሉዲን ለሹመቱ ብለው ከዚያው ዱቄት ትልቅ ዳቦ አስጋግረው ወፍጮ ቤታቸው ጠበቋቸው። ፋንታ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰና የመጀመሪያው ቁራሽ ለተሿሚው ተሰጠ። ገመጠው። አፉ ውስጥ ተንቀጫቀጨ።

ምላሱ ወዲያው ነገረው። የድንጋዩ ጠርዝ ከመጠን በላይ ተመትቷል፤ መሐሉ ጨርሶ አልተነካም። ይህን በአንድ ጉርሻ የሚለይ ሰው በዚያ ቤት እሱ ብቻ ነበር። እሱ ግን ዋጠውና «ግሩም ዳቦ ነው!» አለ።

ሐጂ ከማሉዲን ተፉት። ጋሽ አካለ ወልድ መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ። «ማነው የወቀረው?»

«ኸይረዲን!» አለ ፋንታ ፈጥኖ። ትሕትና ያበዛው ሰውዬ ጣቱንም ቀሰረበት።

ሂዳያ ተነሣች። «የኔም ጥፋት አለበት። ሳይቀመስ ሲፈጭ እያየሁ ሞተሩን አላጠፋሁም።»

ጋሽ አካለ ወልድ ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው በእጇ አኖሩት። ከዚያ ወደ ፋንታ ዞሩ። «ኮትህን አውልቅ» አሉት። «የትናንቶቹ ሴቶች ዱቄታቸውን መልሰው ደጅ ቆመዋል።»

ፋንታ አፈረ። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም፤ የቢቸናን መኪና ይዞ መሸሽ አማረው። ግን መዶሻው እጁ ገባ፤ እጁም ከባለቤቱ የተሻለ አእምሮ ነበረው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ድንጋዩ ላይ ተጎንብሶ ነቆረ።

ሞተሩ ሲነሣ ከወፍጮው አፍ ቆነጠረና አኘከ፤ ተፋ። ዳግመኛ ቆነጠረ። ሴቶቹ፣ ሐጂ፣ ኸይረዲን ሳይቀር ነቅቶ፣ አፉን አፉን ያያሉ። ወር ሙሉ በንግግር ያላገኘውን፣ አፉ በዱቄት ነጥቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ አገኘው።

ሦስተኛውን አኝኮ ዋጠ። ከዚያ አንገቱን ሰብሮ ወደ ሂዳያ ዞረ።

«ንጹሕ ነው» አላት። «እርስዎ ይፈጭ ካሉ ይፈጭ።»