ቦታውን የማይለቅ ፈርጥ

ከዘመድ ሠርግ የመጡላት ፎቶዎች አሥራ አንድ ነበሩ፤ በአሥራ አንዱም የአንገቷ ፈርጥ ቦታው ላይ የለም። በሦስቱ ጀርባውን ሰጥቷል፤ በቀሩት ስምንቱ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ከኮሌታዋ ሥር ተወሽቋል። እሷ ደግሞ የጉድ አገር ሰው፣ በሁሉም ላይ ጥርሷ እስኪታይ ስቃለች።

ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመት ቢሆናትም የሰፈሩ ሰው አሁንም «አራሚዋ» ነው የሚላት። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጣ የሰው ስህተት ስትለቅም ኖራለች። የተገለበጠች ፊደል ከሦስት መቶ ገጽ መሃል አንገቷን ይዛ ታወጣ ነበር። ቃል ተዘሎ ካገኘች ደግሞ በቀይ እርሳስ የጎጆ ጣሪያ የመሰለች ምልክት ከክፍተቱ ሥር ታደርግና የጎደለውን ከላይ ትጽፋለች። ይህን ሁሉ የምታይ ሴት የራሷ አንገት ላይ የተገለበጠውን ይዛ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

የፈርጡ መዞር ብቻ ቢሆን ባላንገበገባት። ከመቶ ሃምሳ ሰው ጋር ተሳስማ፣ ተጨባብጣ፣ ጠረጴዛ ተጋርታ፣ አንድ ሰው እንኳ «ዞሮብሻል» አላላትም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። አላዩዋትም፣ በቃ።

ባሏ ቢኖር ኖሮ ያይ ነበር። የዚያው ማተሚያ ቤት የማሽን ሠራተኛ ነበር፤ ከምስር ፍሬ የማትበልጠውን አልማዝ በተጋቡ በሃያ ዓመታቸው ያንጠለጠለላት እሱ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጡ በሩ ላይ ያቆማትና ቀለም በማይለቀው ጣቱ ፈርጡን መልሶ ያዞረዋል። «ይቺ ደግሞ እንደ ባለቤቷ አርፋ አትቀመጥም» ይላታል። እሷም «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» ትለዋለች። ፍቅራቸው ይኸው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ሲባባሉ የሰማ የለም። ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

እና አሁን ከሦስት ሳምንት በኋላ ማተሚያ ቤቱ ፎቶግራፉን በማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊሰቅልለት ነው። እሷም ከፊት ቆማ ሁለት ሦስት ቃል እንድትናገር ተጠይቃለች። በባሏ ፎቶ ሥር፣ እሱ የሰጣት ድንጋይ ጀርባውን አዙሮባት፣ የሚያያት ሰው እንደሌላት ለአገሩ ሁሉ እያሳበቀ ልትቆም? ከዚያስ ጭራሽ ባትሄድ ይሻላታል። ፈርጡን በመሐረብ ቋጥራ ወርቅ ሠሪው ጋ ሄደች።

የወርቅ ሠሪው ቅጽል ስም «ነገ ይምጡ» ነው። ማንንም ሰው በመጣበት ቀን አስተናግዶ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው፤ እሱም ሲጠሩት አይከፋውም። ሱቁ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ክፍል ናት። አንድ መብራት፣ አንዲት ሚዛን፣ ለደንበኛ አንድ በርጩማ፣ የወርቅ ብናኝ እንዳይባክን ጭኑ ላይ የሚዘረጋት ቆዳ፤ ንብረቱ ይህ ነው። ፈርጡን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መብራቱ አስጠጋው።

«እትዬ፣ በዚህ ድንጋይ አይፈረድም» አላት። «በአራት ረጃጅም ጥፍር ከፍ ብሎ ተይዟል። ፊቱ ከባድ፣ ጀርባው ባዶ። የተንጠለጠለውም በአንዲት ቀለበት ነው። እንኳን ሲራመዱ ሲተነፍሱም ይገለበጣል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?»

«ሦስት ዓይነት ማቀፊያ በናስ እሠራልዎታለሁ፤ በአልማዙ ፈንታ ብርጭቆ እየከተትኩ። አንዱን አድርገው ይዋሉና ነገ ይምጡ። አንገት እንደ መልክ ይለያያል፤ እዚህ ቆሞ አይመረጥም።»

ነገ ይምጡ። ሌላው ደንበኛ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። እሷ ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ ቃሉን በልቧ ደጋገመችው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ነገ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ለማግስቱ የምትለብሰውን ቀሚስ ተኩሳ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው።

የመጀመሪያው ማቀፊያ ጥፍሮቹ ያጠሩ፣ የሚንጠለጠልበት ቀለበት የሰፋ ነበር፤ ገበያ ሳትደርስ ተገለበጠ። ሁለተኛው ድንጋዩን ዙሪያውን በቀጭን ከንፈር ያቀፈ፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ፊቱን አላዞረም፤ ግን ወደ ቀኝ ተንሸራትቶ ኮሌታዋ ሥር ገባ። ሦስተኛው ላይ «ነገ ይምጡ» ሰንሰለቱን ለሁለት ቆርጦ ከማቀፊያው ግራና ቀኝ አያያዘው። «አሁን ወዴት እንደሚሸሽ አያለሁ» ብሎ ፎከረ። በማግስቱ ስትመጣ መቆለፊያው ከማጅራቷ ተነስቶ ግራ ጆሮዋ ሥር ደርሷል፤ ድንጋዩም እንደ ልማዱ ቀኝ ነው።

ወርቅ ሠሪው አፈረ። በርጩማው ላይ አስቀመጣትና ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ስለ ሠርጉ ፎቶ፣ ስለ ማተሚያ ቤቱ እንድታወራው ጠየቃት። እሷ ስታወራ እሱ አንገቷን ብቻ ያያል። መጨረሻ ላይ እጁን አነሳና አስቆማት።

«እትዬ፣ በቀኝዎ በኩል ማን ነው የሚቀመጠው?»

ዞር ብላ አየች። ግድግዳ ነው።

«ማንም።»

«እኔ ፊት ለፊትዎ ነኝ፤ እርስዎ ግን ሲያወሩኝ ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብሉት። ድንጋዩም ተከትሎዎት ነው የሚሄደው።»

የባሏን ቀኝ ጆሮ የማተሚያው ማሽን ከበላው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በደህናው ጆሮው በኩል፣ በግራው ነው። ለመናገርም ወደ ቀኝ ዘንበል ትላለች፤ በአውቶቡስ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ቴሌቪዥን ፊት። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። እሱ ሄደ፤ እሷ እንዳዘነበለች ቀረች። ይህን ለወርቅ ሠሪው ልታስረዳው ስትጀምር እንባዋ ሳታስበው መጣ። እሱም ጭኑ ላይ ያለችውን ቆዳ ያለ ምክንያት ያራግፍ ጀመር።

«እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለን» አለ፣ ፊቷን ጠርጋ እስክትጨርስ ጠብቆ። «ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው የሚሆነውን እሠራልዎታለሁ፤ ቀና ማለቱን እርስዎ ቀስ ብለው ይለማመዱታል። አለዚያም ከድንጋዩ በስተቀኝ፣ ኮሌታ የሚሸፍናት ትንሽ የወርቅ ፍሬ ሰንሰለቱ ላይ ልጨምር። ፍሬዋ ወደሚያዘነብሉበት ትወርዳለች፤ ድንጋዩ መሃል ይቀራል።»

እዚያው በርጩማው ላይ ቀና ብላ ሞከረችው። ትከሻዋን አስተካከለች፣ አገጯን አነሳች። ቀኝ ጎኗን በረዳት፤ በሩን ሰው ከፍቶት የሄደ መሰላት። ተመልሳ ዘንበል አለች።

«ፍሬዋ ትጨመር» አለችው። «ቀና ካልኩ እሱን ማን ያናግረዋል?»

«ነገ ይምጡ» በስሙ ልክ ሦስት ጊዜ በባዶ አመላለሳት፤ እሷም ሦስቱንም ጊዜ በደስታ መጣች። በአራተኛው ቀን አልማዙን በወርቅ ከንፈር አቅፎ፣ ሰንሰለቱን ከግራና ከቀኝ አያይዞ፣ ፍሬዋንም አስገብቶ አንገቷ ላይ አሰረላት። አራመዳት፣ አጎነበሳት፣ አስወራት። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

«አለቀ» አላት። «ቀና ያሉ ዕለት ግን ወደ ግራ ይሄዳል። ያኔ ይምጡ፣ ፍሬዋን አነሳታለሁ።»

በሩ ላይ ቆመች። «መቼ ይሆን እሱ?»

«እሱንማ እኔ አላውቅም፣ እትዬ።»

ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ለደንበኛ ነገ ሳይል ሲቀር የመጀመሪያው ነው።

በዝግጅቱ ቀን ከባሏ ፎቶ ሥር ቆማ ተናገረች። ሁለት ሦስት ቃል የተባለው አሥር ደቂቃ ፈጀ። አጨበጨቡላት፣ ሳሟት፣ «አምሮብሻል» አሏት። ወደ አንገቷ የተዘረጋ ጣት ግን አልነበረም፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረማ።

በሳምንቱ ፎቶዎቹ መጡ፤ ዘጠኝ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አጉሊ መነጽሯን አነሳች። በዘጠኙም ፈርጡ መሃል ላይ፣ ፊቱን ሰጥቶ ያበራል። «አየህ፣ አልዞረም» አለች ጮክ ብላ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ።

ከዚያ ከፈርጡ ዓይኗን አንስታ የቀረውን ፎቶ አየች። የማሽን ክፍሉ የድሮ ጓደኞቹ ሁሉ ተጨናንቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የቆሙት በግራዋ በኩል ነው። በቀኟ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ባዶውን ይታያል፤ በዘጠኙም ፎቶ ላይ ማንም አልገባበትም። እንዳትገቡ ያላቸው የለም። የማን ቦታ እንደሆነ ያውቃሉ።

መሳቢያውን ከፍታ ሰባት ዓመት ያልተቀረጸውን ቀይ እርሳስ አወጣች። በቢላ ቀረጸችው። ካሉት ፎቶዎች ሁሉ የምትወደውን መርጣ፣ በዚያ ባዶ ቦታ ግርጌ፣ የጎጆ ጣሪያ የምትመስለውን ትንሽ ምልክት አደረገች።