መሬት ያልነካ ልጅ

ሕፃኑ ሉልሰገድ ከአያቱ ቀብር ወዲህ መሬት አልነካም። ሦስት ቀን ሙሉ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። ለቀስተኛው ሁሉ «የወይዘሮ ሓዳስ ምትክ» እያለ ይስመዋል፣ ያለቅስበታል፣ ለጎረቤቱ ያቀብለዋል። እናቱ እፀገነት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እግሮቹን ታያለች። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል።

«ትንሽ በሆዱ ላስተኛው» አለች ቀስ ብላ።

«ሰው በሚረማመድበት?» አሉ ልጁን የያዙት የባሏ አክስት፣ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ። «ደግሞ በሐዘን ቤት ልጅ ማጫወት ምን የሚሉት ነው? ሰው ይታዘበናል።»

እፀገነትን ይሉኝታ ያዛት።

ሉልሰገድ የተወለደው ያለ ጊዜው ነው። ስምንት ወር ሞልቶት እንኳ አንገቱ አልጸናም ነበር። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ፣ «እግሩን እሹት፣ በሆዱ አስተኝታችሁ አጫውቱት፤ ይህ ጊዜ ካመለጠ ይከብዳል» ብላቸዋለች። እፀገነት አምስት ኪሎ ቢሮ ስለምትውል ሥራው የአማቷ የወይዘሮ ሓዳስ ሆነ።

አንድ ቀን በጊዜ ብትመለስ ልጁ ሰሌን ላይ በሆዱ ተደፍቶ እሪ ይላል፤ አማቷ ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ጥለውት የተኙ መሰላት። ልጇን መንጭቃ አነሣችው።

«ከአሁን በኋላ ልጄን ሰሌን ላይ እንዳያወርዱብኝ» አለቻቸው።

«እሺ ልጄ» አሉ አሮጊቷ፣ ቀሚሳቸውን እያራገፉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ያሹ ሴት ይህን ማሸት አልቻሉም። ከዚያ ወዲያ ልጁን አቅፈው ብቻ ዋሉ። በሳምንቱ ልባቸው ቆመ።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ከቤታቸው ትይዩ ሱቅ ያለው አቶ የሲን ሊያጽናና ገባ።

«ከሱቄ አያቸው ነበር» አለ። «በዚያ ዕድሜ በሆዳቸው ተኝተው ፊታቸውን ከልጁ ፊት ያደርጉና በትግርኛቸው ‹አይዞህ ልጄ› ለማለት ‹ኣጆኻ ወደይ› ይሉታል። ‹ምነው እማማ?› ስላቸው፣ ‹ቆሜ ብጠራው አያየኝም፤ ስወርድለት ነው አንገቱን የሚያነሣ› አሉኝ። ጉልበታቸው እምቢ ሲል እኔ ነበርኩ የማነሣቸው።»

እፀገነት ፊቷ በእፍረት ጋለ። ይቅርታ የምትጠይቃቸው ሴት ከአፈር በታች ናቸው።

ተነሣች። ልጁን ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ እጅ ወስዳ፣ ነጠላዋን ከለቀስተኛው መሃል አንጥፋ በሆዱ አስተኛችው። ማልቀስ ጀመረ። እሷም ከፊቱ በሆዷ ተዘረጋች።

ሴቶቹ ሐዘን የጣላት መሰላቸው። «ያዟት፣ ያዟት» ተባለ። ሁለቱ ብብቷን ይዘው ሊያነሷት ሞከሩ።

«ተይ ልጄ፣ እግዜርም አይወድም» አሉ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ።

«ልቀቁኝ፣ አልወደቅኩም» አለች እፀገነት። «እማማ የሚያደርጉትን ነው የማደርገው።»

ለቀቋት።

«ኣጆኻ ወደይ» አለች በማታውቀው ቋንቋ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።

ሉልሰገድ ለቅሶውን አቆመ። አንገቱ እየተንቀጠቀጠ ቀና አለ። ዓይኑ ግን እናቱ ላይ አላረፈም፤ በትከሻዋ አልፎ በሩን አየ፣ ጓዳውን አየ። የሚፈልጋትን አጣ፤ ራሱም ተመልሶ ወደቀ።

እፀገነት ጉንጩ ወለሉን እንዳይመታ መዳፏን ከሥሩ አስገባች።