የላምባ ቆርቆሮ ልብ

«ስሙ! አጥናፉ ውሃ ጠጣ!»

ይህ አዋጅ የተነገረው ጥር ፳፪ ቀን ፲፱፻፲፮ ዓመተ ምሕረት፣ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አራዳ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በተተከለ አንድ የለቅሶ ድንኳን በር ላይ ነው። ያወጀው እምሩ ይባላል፤ ከሐዘንተኛው ከአጥናፉ ጋር ጉምሩክ በጸሐፊነት ስለሚሠራ ድምፁ ማስታወቂያ ማንበብ የለመደ ነው። ድንኳኑ በሙሉ «ተመስገን!» አለ። አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ውሃው ውስጥ ሁለት እፍኝ በሶና ጥቂት ማር ነበረበት፤ ይህ ግን አልታወጀም።

አጥናፉ ሚስቱ አይናዲስ ማክሰኞ ዕለት ከሞተች ጀምሮ «እህል በአፌ አይዞርም» ብሎ ምሏል። መሐላውንም ለመጣው ሁሉ፣ ዘግይቶ ለደረሰውም እንደገና፣ ነግሯል። የሟች ታናሽ እህት የሺ የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ስለ በሶው ታውቃለች። በጥባጯ እሷ ነበረች።

ጉሮሮው የራሰለት አጥናፉ ድምፁን አገኘ።

«ወይኔ አይናዲስ! በየበዓሉ ልብ አስመስላ ጋግራ ያበላችኝ! የማን ሚስት ለባሏ እንዲህ አደረገች? ልቧን ቆርሳ ያጎረሰችኝ!»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ።

«አይ ፍቅር! እኛማ በዓይናችን ነው ያየነው፣ እቴ» አለች ጎረቤታቸው አስካለ፣ ወደ የሺ ጠጋ ብላ።

«ምኑን ነው ያያችሁት?»

«ዳቦውን ነዋ።»

«ሲበላው አይተሽዋል?»

አስካለ መልስ ለመስጠት ጊዜ አላገኘችም፤ ማልቀስ ነበረባት።

የሺ ጥርሷን ነከሰች። ከዚህ ሰውዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «አልበላሁትም» እንዲል። ንብረት አልጠየቀችም፤ የእህቷን ቀሚስ እንኳ አልጠየቀችም። ያቺን አንዲት ቃል ከአፉ ሳትሰማ ከዚህ ድንኳን ላትወጣ ቆርጣለች።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። እህትማማቾቹ ገበያ ውለው ሲመለሱ በአንድ የግሪክ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ በስኳር የተለበጠ ነገር አዩ። የሺ «ይሄ የምን ቅጠል ነው?» አለች።

«ቅጠል አይደለም፤ ልብ ነው» አለ በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ። «ፈረንጅ ሚስቱን ሲወድ እንዲህ ያለ ነው የሚያበላት።»

«ሚስትስ ባሏን ስትወድ?» አለችው አይናዲስ።

ስለዚህኛው አልተነገረውም ነበር።

በማግስቱ አይናዲስ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ኑሪ ዘንድ ሄዳ ቅርጹን አመድ ላይ በጣቷ ሣለችለት። ኑሪ አንገቱን አዘንብሎ ሲያየው ቆየና «እኔ ስንት በግ አርጃለሁ። ልብ እንዲህ አይደለም» አላት።

«የበግ አይደለማ።»

«የምን ነው?»

«የሰው።»

«እሱን እንግዲህ ማን አይቶት» አለና ከላምባ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ዳር ዳሩን እጅ እንዳይቆርጥ አጥፎ ሠራላት።

አጥናፉ በጥር ጊዮርጊስ ዝክር ነበረበት። ጠላው ጠጅው ቀርቦ፣ የጉምሩክ ሰዎች ሞልተው፣ አይናዲስ ትልቁን ድፎ ይዛ ገባች። ከላይ ሁለት ጉብታ፣ ከታች አንድ ጫፍ። ጥቁር አዝሙዱን እንኳ ፊቱ ላይ በዚያው ቅርጽ ነስንሳዋለች። የሺ ከጓዳ በር ሆና አይታታለች።

መጀመሪያ አፍ የከፈተው እምሩ ነው። «አጥናፉ! ሚስትህ ልብህን አውጥታ ጋገረችልን! እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ያለ ልብ ነው ቢሮ የምትገባው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስካለ ከጓዳ «ይሄ የካቶሊኮች ሥዕል ላይ ያለው አይደለም እንዴ? ሴትዮዋ ሃይማኖት ለወጠች መሰለኝ!» አለች፤ ሳቁ እንደ አዲስ ተነሣ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው አጥናፉ ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን «ይህን ነገር ሁለተኛ ሰው ፊት እንዳላየው። ለነዳያን ስጪው» አላት።

አይናዲስ ጥፋቱ የእንግዶቹ መሰላት። ስለዚህ የፋሲካ ሰሞን፣ ሰው በሌለበት፣ ለእሱ ብቻ ገንፎ አገነፋች፤ በዚያው ቆርቆሮ ደፍታ መካከሉን በቅቤ ሞላችው። አጥናፉ አየው። ማንኪያውን አነሣና ገንፎውን አዞረው፣ አዞረው፣ ክብ እስኪሆን ድረስ አዞረው። ከዚያ በላ። ይህን ለየሺ ስትነግራት አይናዲስ እየሳቀች ነበር፤ ሳቁ ግን ከአፏ አልፎ ዓይኗ ጋ አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ጋገረች። በየበዓሉ «ለነዳያን» አለ። በየበዓሉ ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልላ ዳገቱን ወጥታ ጊዮርጊስ ደጅ ሰጥታ ተመለሰች።

«እታለም፣ ለምን ክብ አድርገሽ አትጋግሪለትም?» አለቻት የሺ አንድ ቀን። «ክቡን ይበላዋል እኮ።»

«ክቡንማ ማንም ይጋግርለታል» አለች አይናዲስ።

ዘንድሮም ጥር ፲፰ ለዋለው ጥር ጊዮርጊስ፣ ደረቷ እየተወጋ፣ በሁለት ሳል መካከል አቡክታ ጋገረች። አጥናፉ ብቅ ብሎ አየና «አሁንም?» አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ አላለም። ዳቦውን ተሸክማ ዳገት የምትወጣበት አቅም ስላልነበራት በጨርቅ እንደተጠቀለለ ቆጡ ላይ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ሞተች።

ቅዳሜ፣ በሞተች በአምስተኛው ቀን፣ አስካለ ጓዳ ገባች።

«የሺዬ፣ ያቺ የልብ ቅርጽ የት ናት? ለሰባቱ በእሷ እንጋግር ብለናል። መታሰቢያዋ ናት፣ እቴ። ጋሽ አጥናፉም ወደውታል።»

«ምን አሉ?»

«ወደውታል። እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ ነው የነገሩኝ።»

የሺ ቆጡ ላይ የቀረውን ዳቦ አወረደችና እንደተጠቀለለ ይዛ ወደ እልፍኝ ሄደች። አጥናፉ መሬት ላይ በተነጠፈ አጎዛ ላይ ተጋድሟል፤ እምሩ አጠገቡ ተቀምጦ ዝንብ ይከለክልለታል። የሺ ጨርቁን ፈትታ ዳቦውን ፊቱ አኖረችው።

«ጋሼ፣ ይህን ይብሉ።»

አጥናፉ ቀና አለ። «ምንድን ነው?»

«ያውቁታል። የመጨረሻዋ ነው። በእጇ የጋገረችው።»

«የሺ፣ እኔ እኮ ሐዘን ላይ ነኝ። እህል አይገባልኝም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሐዘን ላይ ነበሩ?»

እምሩ ዝንቡን ተወው። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ቆስሏል፤ ቁስሉን አትነካኪ።»

«እርስዎ ዝም ይበሉ! እርስዎ ነዎት ልቡን አውጥታ ጋገረችው ያሉት። ዛሬ ደግሞ ለእሱ ዝንብ ይከለክላሉ!»

«ቀስ በይ» አለ አጥናፉ፣ በሹክሹክታ፣ ወደ ድንኳኑ እያየ። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! እርስዎ መቼም የሚፈሩት ሰው ነው። እግዜርን ቢፈሩ ኖሮ እዚያ ቆመው ‹ያበላችኝ› እያሉ ባልጮሁ። ሲበሉ ማን አየ? ጥርስዎ አንድ ቀን ነክሶታል? በሉ፣ ወይ ይብሉ፣ ወይ ወጥተው ‹አልበላሁትም› ይበሉ!»

አጥናፉ ዳቦውን ቆይቶ አየው። እጁንም ዘረጋ፤ ጣቱ ጫፉን ነካ። ለአፍታ ያህል ፊቱ ላይ የእውነት የሚመስል ነገር አለፈ። ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«በሰባቱ እበላዋለሁ» አለ። «በሰው ፊት። የመጀመሪያ እህሌ እሱ ይሁን።»

«እግዚኦ!» አለ እምሩ፣ ተነክቶ። «እኔ እነግርልሃለሁ። ቆሜ እነግራለሁ።»

የሺ ዳቦውን አነሣች። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችና ዱካ ላይ ተቀመጠች። ዳቦው ስድስት ቀን አልፎታል፤ ድንጋይ ሆኗል። በጉልበቷ ሰበረችው፤ በላችው። ምራቋ ሲያልቅ ውሃ እየነከረች በላችው። ድዷ ደማ። አንዱን ጉብታ ጨርሳ ሌላውን ያዘች፤ እያለቀሰች አልነበረም፤ እየተሳደበች ነበር፣ አፏ ሞልቶ፣ ስድቡ ከፍርፋሪው ጋር እየወጣ። የታችኛው ጫፍ የመጨረሻው ነበር። እሱንም በላችው። ከዚያ ጨርቁን አራግፋ አጠፈችና በሩን ከፈተች።

«ዳቦውስ?» አለች አስካለ፤ በሩ ላይ ስታዳምጥ ነበር።

«አለቀ።»

«ውይ! ለሰባቱ ሊበሉት አልነበር?»

«አለቀ አልኩሽ!»

የቆርቆሮውን ቅርጽ ግን አጥናፉ ራሱ አውጥቶ ለአስካለ ሰጣት።

ሰኞ ሰባቱ ሆነ። አስካለ ስምንት የልብ ዳቦ ጋገረች፤ የሁለቱ ጫፍ አርሯል። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ያን ጊዜ የሳቁት የጉምሩክ ሰዎች በሙሉ መጥተው ዳቦውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥበብ ነው» ይላሉ። «የእጅ ጥበብ።» ከድንኳኑ ውጪ፣ በሰባት ቀን ዝክር እንደተለመደው፣ ነዳያን መሬት ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

እምሩ ተነሣ። ያለቀውን ዳቦ ነገር አልፎ ሌላ ንግግር አዘጋጅቷል። «አይናዲስን የማያውቃት ማን አለ? እንደ እናታችን፣ እንደ እህታችን ነበረች። እዚህ ከተቀመጠው ውስጥ በእጇ ያልበላ፣ ጠባይዋን ያላጠና የለም። አጥናፉማ ነፍሷን ያውቅ ነበር።» አጥናፉ ራሱን አቀርቅሮ የተባለውን በሙሉ ተቀበለ።

ከዚያ ጸሎት ሆነ። የአይናዲስ የንስሐ አባት ቄስ ገብረአምላክ ያን ዕለት ጠዋት በንዳድ ወድቀው በምትካቸው አንድ ወጣት ቄስ ልከዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ወደ አጥናፉ ጎንበስ አሉ።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«አይናዲስ» አለ አጥናፉ።

«እሱማ የዓለም ስሟ ነው። የክርስትናዋን ነው፤ በእሱ ነው የማሳስባት።»

አጥናፉ እምሩን አየ። እምሩ ዳቦውን አየ። አስካለ ነጠላዋን እንደገና ማጠፍ ጀመረች፤ አጥፋ ስትጨርስ ደግሞ ፈታችው።

«ወለተ...» አለ አጥናፉ። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም። ከዚህ በላይ ግን አልሄደም።

የሺ ስሙን ታውቃለች። ምላሷ ላይ ነው። ጥርሷን ገጥማ ያዘችው። አሁን ይበል፤ አሁን «አላውቅም» ይበል፤ ያቺኛዋን ቃል ባይሰጠኝ ይህችም ትበቃኛለች አለች በሆድዋ። ቄሱ ይጠብቃሉ። አጥናፉ ግንባሩ ላብ አወጣ። እህቷ የሰባተኛውን ቀን ጸሎት ያለ ስም ቆማ እንደምትጠብቅ የሺ ታውቃለች፤ ታውቃለችም፣ ዝምም አለች።

«ወለተ ሐና።»

ድምፁ የመጣው ከውጪ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። ከነዳያኑ መካከል አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«ዘመድ ነዎት?» አሉ ቄሱ።

«የለም አባቴ፣ የጊዮርጊስ ደጅ ነኝ። ያበላን ሰው ማን ተብሎ እንደሚመረቅ እንጠይቃለን። አሥራ አንድ ዓመት በየበዓሉ ወለተ ሐና እያልኩ ነው የበላሁት። ስሟን ዳግም ባትነግረኝም ዳር ዳሩን ስዳስስ የእሷ ዳቦ መሆኑን አውቅ ነበር።»

በሰባት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ጠፋ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁና «ነፍሰ አመትከ ወለተ ሐና» ብለው ቀጠሉ። አጥናፉ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ እንደ አዲስ ትምህርት ስሟን ይለማመድ ነበር።

ጸሎቱ ሲያልቅ የእጅ ውሃ መጣ። ማንቆርቆሪያውን የያዘችው ሴት በደንቡ መሠረት ወደ አጥናፉ ሄደች፤ አጥናፉም ሁለት እጁን ዘረጋ። የሺ ከተቀመጠችበት ተነሣችና ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን ከሴትየዋ እጅ ወሰደች። በተዘረጋው የአጥናፉ እጅ አጠገብ አለፈች፤ በእምሩም አጠገብ አለፈች፤ ከድንኳኑ ወጥታ ሽማግሌው ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች።

«እጅዎን አባቴ።»

ዘረጉላት። ቀዳች። ውሃው ከሳህኑ ውጪ እጅጌያቸው ላይ ፈሰሰ።

«ይቅር በሉኝ» አለች። «ይቅር በሉኝ፣ ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው ስለ ውሃው መስሏቸው «ምንም አይደል፣ ልጄ» አሏት።