የአምባዬ ጢምና የዘሪቱ ወረንጦ

አምባዬ ጢሙን የሚያሳድገው ለውበት አልነበረም፤ ለመደበቂያ ነው። በተላጨ ማግስት አገጩና አንገቱ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ሽፍታው ያብጣል፣ ያበጠው ይደማል። ፀጉሩ ጥቅልል ስለሆነ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ውጭ በማደግ ፈንታ ዞሮ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቱ ዘሪቱ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ የተቀበሩትን በወረንጦ ትለቅምለታለች። እሱ ያቃስታል፤ እሷ የሳምንቱን ወሬ ታወራለታለች። ሁለቱ የማይጨቃጨቁበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነው። ወረንጦ የያዘችን ሴት ማን ይናገራታል?

ነገር የመጣው ከሥራ ቦታው ነው። አምባዬ በሰው አገር፣ ዲኬተር በምትባል ከተማ አጠገብ ባለ ሆስፒታል በሽተኛ በአልጋ ከክፍል ክፍል ይገፋል፤ ሥራውንም ይወደዋል። ኤክስሬይ የሚፈሩ አሮጊቶችን እያጫወተ መውሰድ ያውቅበታል፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅበት በእጁ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ ጠራችውና፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ክፍል የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ ማድረግ እንዳለበት፣ ማስኩ ደግሞ ጢም ላይ እንደማይገጥም ነገረችው። በመከር ወራት ቴስት ይኖራል። ያላለፈ ሰው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ላውንደሪ ይመደባል።

አምባዬ አንድ ሳምንት እየተላጨ ሞከረ። ሳምንቱ ሳያልቅ አንዲት ታካሚ ከአልጋዋ ቀና ብላ አንገቱን አየችና፣ ሐኪም ልጥራልህ ወይ ብላ ጠየቀችው። የሚገፋትን ሰው ልታሳክም ማለት ነው።

ቻምብሊ በምትባል ጎረቤት ከተማ ፀጉር በሌዘር የምታጠፋ ሩሐማ የምትባል ነርስ እንዳለች የነገረው የሥራ ባልደረባው ለገሰ ነው። ዘሪቱ ሌዘር ሲባል ብረት የሚቆርጠው መሣሪያ መስሏት ፊትህን ለማን ልትሰጥ ነው ብላ ተቆጣች። አምባዬም ፈርቶ ነበር፤ ላውንደሪውን ባሰበ ቁጥር ግን ፍርሃቱ እየቀነሰ ሄደ። ደውሎ አፖይንትመንት ያዘ። ሩሐማ በስልክ ተላጭቶ እንዲመጣ ነገረችው። ስለ ወረንጦም ብዙ ብላ ነበር፤ እሱ ግን አንዲት አሮጊት እየገፋ ስለነበር “እሺ፣ እሺ” ብሎ ዘጋው።

የቀጠሮው ዋዜማ ዘሪቱ ጥሪ እንዳለባት ሰው ስትጣደፍ ዋለች። ባሏ እንዲያ ተዝረክርኮ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው? መላጨት ካስፈለገ ከሥሩ መንቀል አይሻልም? ከምሳ በኋላ አስተኛችውና አንድም ሳይቀራት ለቀመችው። አምባዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ግን ኮርቶ ተነሣ።

በማግስቱ ዘሪቱም አብራው ሄደች። ሩሐማ በማጉያ መነጽር አገጩን ግራና ቀኝ አገላብጣ አየችና ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እዚሁ አገር ያደገች ስለሆነች አንተንና እርስዎን በአንድ አፍ ትቀላቅላለች።

“ጋሼ አምባዬ፣ ፀጉርህ የታለ?”

“ዘሪቱ ጨረሰችው” አለ በኩራት።

ሩሐማ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሌዘር ማለት ብርሃን ነው፤ ይህ ብርሃን የሚፈልገው ጥቁር ቀለም ነው። የፀጉሩን ጥቁረት ሲያገኝ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ሥሩን ያቃጥለዋል።

“አሁን ፀጉሩ ከሥሩ ወጥቷል። ብርሃኑ ምን ይያዝ? እርስዎን አይቶ ነው የሚመለሰው” አለች።

የእኛ ቆዳ ራሱ ቀለም ስላለው ደግሞ ያልተመረጠ ሌዘር ቆዳውን ፀጉር አድርጎ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ እሷ የምትሠራው የላዩን ቀለም አልፎ ወደ ውስጥ በሚዘልቀው ነው፤ ቆዳውንም እያቀዘቀዘች፣ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ሞክራ። ዘሪቱ ከመጣሁ አይቀር ብላ ጉንጯ ላይ ያለውን ማድያት አሳየች። ሩሐማ ሙቀቱ ሊያባብሰው እንደሚችል፣ ለእሱ የሚሻለው የፀሐይ መከላከያና የቆዳ ሐኪም የሚያዝላት ቅባት እንደሆነ ነገረቻት። ዘሪቱ ቅር አላት፤ ወዲያው ደግሞ ጨረሩ ስለቀረላት ደስ አላት።

ፀጉሩ ተመልሶ እስኪበቅል አንድ ወር ያህል መጠበቅ ግድ ሆነ። ወረንጦ እንዳይነካው ተባለ። ዘሪቱ ወረንጦውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እሑድ መጣና ሁለቱ ሶፋው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ማን አስቸኮለሽ አላት። ማን ስልኩን ዝጋ አለህ አለችው። በዚያ ሰዓት ሲጨቃጨቁ የመጀመሪያቸው ነበር። አምባዬ ደግሞ በየጠዋቱ ወደ ሊፍቱ ሲገባ ወደ ምድር ቤት የሚወስደውን ቁልፍ በፍርሃት ያየው ጀመር።

በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ። ሩሐማ ዓይኑን ሸፈነችለት፤ ቀዝቃዛ ነገር አገጩን ነካው፤ ከዚያ ላስቲክ ወጥሮ የለቀቀበት ያህል ጠቅ አደረገው። ክፍሉን የዓመት በዓል በግ ጭንቅላት ሲጠበስ የሚሸተው ሽታ ሞላው። ቶሎ አለቀ። ያን ያህል መፍራቱን አስቦ አፈረ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ፀጉሩ ጭራሽ ረዘመ። አምባዬ መስታወት ፊት ቆሞ ላውንደሪው ታየው። የዘሪቱ እጅ ወደ መሳቢያው ሄደ።

“እንዳትነኪው” አላትና ደወለ።

“እያደገ አይደለም” አለችው ሩሐማ። “የሞተ ነው፤ ቆዳህ እየገፋ እያስወጣው ነው። ይተዉት፣ ራሱ ይወድቃል።”

አላመናትም፤ ግን ሌላ ምን ያደርጋል? ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲያደርቅ ነጩ ፎጣ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት መሰለ። ዘሪቱን ጠራት። ሁለቱም ፎጣውን በመስኮቱ ብርሃን ዘርግተው አዩት።

በየጊዜው እየተመላለሰ ሌዘሩን ደገመ። ሩሐማ እንዳስጠነቀቀችው ሁሉም አልጠፋም፤ ቀጠን ብሎ የሚመለስ አለ፤ የድሮው ጥቁር ምልክትም የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው። ግን ተላጭቶ ማደር ቻለ። ትራሱ ላይ ደም መታየቱ ቀረ።

የቴስቱ ቀን ጭንቅላቱ ላይ እንደ ከረጢት ያለ ኮፈን አጠለቁለትና መራራ ነገር ነፉበት። መጀመሪያ ያለ ማስክ ነበር፤ ምላሱ ተኮማተረ። ማስኩ በደንብ ካልገጠመ ይኸው ምሬት ይሰማዋል ማለት ነው። ከዚያ ማስኩን አድርጎ፣ ቀና በል፣ ጎንበስ በል፣ ጮክ ብለህ አንብብ አሉት። መረረህ ወይ ብለው ደጋግመው ጠየቁት። እርግጠኛ ለመሆን ምላሱን አፉ ውስጥ አዞረው። ምንም የለም። ኮፈኑ ሲወልቅ ፈታኙ አውራ ጣቱን አሳየው። አምባዬ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ተደገፈና ደወለ።

“አልመረረኝም” አላት ዘሪቱን።

በስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ለቀቀች። “ተመስገን” አለች። “በል አሮጊቶችህ ይጠብቁሃል።”

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ማንም ሳይጠራው መጥቶ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገ። ዘሪቱ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አወረደች። አገጩን ዳሰሰችው፤ አንገቱን ዳሰሰችው፤ የሚያዝ ነገር የለም።

“እና አሁን እኔ ምን ልሥራ?” አለችው።

“ወሬውን አውሪልኝ።”

ወሬውን ጀመረች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ድንገት ወሬዋን ትታ ጆሮውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከጆሮው ጫፍ ላይ አንዲት ወፍራም ፀጉር ብቻዋን ቆማለች። ዘሪቱ ሳትነሣ እጇን ወደ መሳቢያው ሰደደች።

“ለሩሐማ እንዳትነግሪያት” አለ አምባዬ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።