ቁጥር ሰባት፣ አሞጽ ካሣዬ

የመፈልፈያ ቡድን ዋንጫ ሲበላ ለማየት አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። አትሳቁ ልጆቼ። ሌላው ሰው ቤቱን ቆርቆሮ ለማልበስ ይጓጓል፤ እኔ ቆርቆሮውን አልብሼ ዋንጫው ነበር የቀረኝ።

መፈልፈያ የምንለው ቴፒ ከተማ ጫፍ ላይ ያለውን የእሸት ቡና ማጠቢያ ነው። ተጫዋቾቹ የዚያው ሠራተኞችና የቀበሌያችን ልጆች ናቸው። ቡና ሲደርስ ይፈለፍላሉ፣ ያጥባሉ፣ በሽቦ ማስጫ አልጋ ላይ ያሰጣሉ፤ ቡናው ሲያልቅ ኳስ ይጫወታሉ። እኔ የተሰጣውን ቡና የማገላብጥ፣ የተበላሸውን ፍሬ የምለቅም ነኝ። በጨዋታ ቀን ደግሞ ከበሮ መቺ።

የምንሸነፍበት መንገድ አያልቅም ነበር። አንዱን ዓመት የራሳችን ተከላካይ በጭንቅላቱ አገባብን። በ1992 ደግሞ ቡናው ዘግይቶ ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ቀላ። እሸት ቡና ሳይፈለፈል ከዋለ ካደረ ይበላሻል፤ ስለዚህ ልጆቹ ማሽኑ ላይ አድረው በማግስቱ ለግማሽ ፍጻሜ ገቡ። በረኛችን የጎሉን ቋሚ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ሦስት ለባዶ። የሚዛን ደጋፊዎች "ኧረ ጋቢ አልብሱት!" እያሉ ሲንከተከቱ እኔ ከበሮዬን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። 

ልጄ አሞጽ ለዚህ ቡድን በግራ ክንፍ ሦስት ዓመት ተጫወተ። በመስከረም 1997 ወባ ያዘችው፤ በስድስተኛው ቀን አጣነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ የቡድኑ አምበል ማቴዎስ ነው። እነዚህ ልጆች ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጡም፤ ውኃ የቀዱት፣ እንጨት የፈለጡት እነሱ ናቸው። ታዲያ እኔ ከዚያ በኋላ እነሱን ባልደግፍ ማንን ልደግፍ?

በ1999፣ የገና በዓል እንዳለፈ፣ የቡድኑ ሰብሳቢ ብርሃነመስቀል ቤቴ መጣ።

"ጋሽ ካሣዬ፣ የአሞጽን የቀበሌ መታወቂያ ይስጡኝ" አለኝ። "ፎቶውን አሳድገን በቡድኑ ቢሮ ልንሰቅለው ነው።"

ባለቤቴ አማረች ከጓዳ ሆና ሰማች። "ሌላ ፎቶ የለንም" አለች።

"በሳምንቱ እመልሳለሁ እትዬ አማረች።"

"አንቺ ደግሞ! ለክብሩ እኮ ነው" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው።

ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም አለፈ። ስጠይቀው "ፎቶ ቤት ነው ጋሼ" ይለኛል። የማጣሪያው ጨዋታ ማሻ ነበር፤ አልጋው ላይ ቡና ስለነበረብኝ አልሄድኩም። የሄዱት ዘፍነው ተመለሱ። አዲስ ግራ ክንፍ ተገኝቷል አሉ። "ማነው እሱ?" ስል "አንድ ልጅ አለ ጋሼ" ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ልቤ በደስታ ስለሞላ አልጠረጠርኩም። ለፍጻሜ አልፈናል!

ፍጻሜው ሚዛን ተፈሪ ነበር፣ በየካቲት፣ እሑድ። ከአምልኮ በቀጥታ ወጥተን አይሱዙው ላይ ተሰቀልን። ከበሮዬን ይዤ ከኋላ ልወጣ ስል ብርሃነመስቀል ክንዴን ያዘኝ።

"እርስዎ ዛሬ ጋቢና ነዎት።"

"ከበሮ መቺ ጋቢና ገብቶ ለማን ይመታል? ለሾፌሩ?"

"ለወገብዎ ብለን ነው እንጂ።"

አከበሩኝ ብዬ ገባሁ። ሸኮን እስክናልፍ ከኋላ የሚዘፍኑትን ግጥሙን ሳልሰማ፣ ምቱን ብቻ እየሰማሁ በጉልበቴ ላይ መታሁ።

ሚዛን ሜዳው ጢም ብሏል። "እናንተ ሙቀት ያፈላችሁ!" ይሉናል። "እናንተ ዝናብ ያበሰበሳችሁ!" እንላቸዋለን። አብሮኝ አልጋ ላይ ቡና የሚያገላብጠው ባምላኩ ጎኔ ቆሟል። ከዚያ በድምፅ ማጉያ የተጫዋቾች ስም መጠራት ጀመረ። በረኛ፣ ተከላካይ፣ አምበሉ ማቴዎስ... ቀጠለና፦

"ቁጥር ሰባት፣ አሞጽ ካሣዬ!"

እጄ ከበሮው ላይ ቀረ። ልጆቼ፣ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ልጄን ሊያስታውሱት ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ኮፍያዬን አወለቅሁ። አንድ ደቂቃ ዝም ሊባል ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል አንድ ቀጭን ጠይም ልጅ ከመስመሩ ወጥቶ እጁን ለሕዝቡ አነሳ።

"ባምላኩ፣ ማን አሉ?"

"ሊጀመር ነው ጋሼ።"

"ማን አሉ ነው የምልህ።"

መሬት መሬት አየ። "እንግዲህ... ለቡድኑ ነው ጋሼ።"

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። የመኪናው ሰው ሁሉ ዓይኑን አሸሸ። መኪና ሙሉ ሰው ያውቅ ነበር። ጋቢና ያስገቡኝ በዘፈኑ ውስጥ የልጄ ስም ስላለበት ነው።

የሆነውም ይኸ ነው። የውድድሩ ደንብ ተጫዋቹ የቀበሌው ልጅ እንዲሆን፣ ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ መታወቂያ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ልጁ ናስር የሚባል የጅማ ልጅ ነው። ልጅም መታወቂያም ፈለጉ፤ ልጁን ከጅማ፣ መታወቂያውን ከእኔ ቤት አገኙ።

ትቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ሚዛን አንድ አገባ፣ ማቴዎስ በቅጣት ምት አቻ አደረገን። ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ናስር ከግራ ገባ፣ ሁለት ሰው አለፈ፣ በግራ እግሩ መታት። ኳሷ መረቡን ስትነካ ከበሮዬን ስደበድብ ራሴን አገኘሁት። ሰዉ "አሞጽ! አሞጽ!" ይላል። ልዋሻችሁ አልችልም፤ እኔም ብያለሁ። አንድ ጊዜ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ፊሽካው እንደተነፋ ሚዛኖች ክስ አቀረቡ፤ ልጁ የቴፒ አይደለም ብለው። ደንቡ ለዚህም መልስ አለው። ወረቀት መለዋወጥ የተለመደ ስለሆነ ክርክር ሲነሳ ወላጅ ቀርቦ ይጠየቃል፤ የወላጅ ቃል የመጨረሻ ነው። ለካ ብርሃነመስቀል ይህንንም ቀድሞ አስቦታል። ከሕዝቡ መሃል መጥቶ እጄን ያዘ።

"ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎ እሺ ይሉ ነበር?"

ከሜዳው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል አስገቡኝ። የውድድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ሐያት የሚሏት፣ ሻሽ ያሰረች የተረጋጋች ሴት ናት። ናስር ጥግ ላይ በላብ እንደተነከረ ቆሟል፤ ማቴዎስ በሩ ላይ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ፍጻሜ አያይም። መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ስሙ የልጄ፣ የእናቱ ስም አማረች፣ ፎቶው የናስር።

"አባባ" አለችኝ፣ "ይኸ ልጅ የእርስዎ ልጅ ነው?"

ለማቴዎስ ብዬ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። አይደለም። ዋንጫው በመስኮቱ ይታይ ነበር፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አረንጓዴ ጥብጣብ ታስሮበት።

"ልጄ ነው" አልኩ።

ጻፈች፤ ፈረምኩ። ስንወጣ ብርሃነመስቀል አቅፎ ሊስመኝ ሲል ገፋሁት።

"ፎቶውን የት አደረጋችሁት?"

"የቱን ፎቶ?"

"የልጄን!"

"ጋሼ... ስንልጠው ተቀደደ። ሙጫው ጠንካራ ነበር።"

ናስር ከኋላችን ነበር። "ልጅዎ አዲስ አበባ ነው ያለው ብለውኛል እኮ" አለ፤ ፊቱ ጠቆረ። 

ስንመለስ ጋቢና አልገባሁም፤ ከኋላ ወጣሁ። ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ፤ ያዝኩት። ቀላል ነው፤ ብረቱ ስስ ነው። ለሚቀጥለው ሰው አሳለፍኩት። ቴፒ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባውን ለቀቀው፣ ሰዉ መንገድ ዳር ወጣ፣ አይሱዙው ላይ ያለው ሁሉ ይጮኻል፤ "አሞጽ! አሞጽ!"

"ተዉ፣ ቤቴ ጋ ስትደርሱ እንኳ ተዉ" አልኩ። ማን ይሰማኛል?

አማረች እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ ሮጣ ወጣች። መኪናውን አየች። በመኪናው ላይ ካሉት ፊቶች አንዱን ስትፈልግ አየኋት፤ ለአንድ አፍታ በእውነት ፈለገችው። ያንን አልረሳም። ከዚያ መንገዱ መሃል ገብታ ቆመች፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ዘፈኑ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ጠፋ።

"ማንን ነው የምትጠሩት?"

ናስር ዘሎ ወረደ። "እኔን ነው እናቴ። ስሜ ናስር ነው። በልጅዎ ስም ነው የተጫወትኩት፣ ልጄ ነው ተብሎም ተፈረመልኝ። ይቅርታ፣ አላወቅሁም።"

እሱን ትታ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። "ልጄ ነው ያለውስ ማነው?"

"እኔ" አልኩ።

አልጮኸችብኝም። በዚያች ምሽት ቤት ውስጥ ሁሉን ነገርኳት፤ ፎቶውንም። ስጨርስ "ነገ ትሄዳለህ" አለች። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሚዛን ሄድኩ። ወይዘሮ ሐያት ቢሮዋን ስትከፍት ደረስኩ። "ልጄ ሞቷል" አልኳት። "ትናንት የፈረምኩት ውሸት ነው።" ወንበር ሳበችልኝ፣ ከዚያ አዲስ ወረቀት አወጣች።

ዋንጫው ወደ ሚዛን ተመለሰ። ቡድናችን ለሁለት ዓመት ታገደ። መፈልፈያ ውስጥ ሰላምታ የሚሰጠኝ ጠፋ፤ ባምላኩ እንኳ ወደ ሌላ ማስጫ አልጋ ተዛወረ። ብርሃነመስቀል በገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማ፣ "ቡድኑን የሸጠ ሽማግሌ" አለኝ። እኔን!

ማቴዎስ ብቻ አንድ ቀን ማታ መጣ። አማረች በርጩማ አወጣችለት። ተቀምጦ ብዙ ቆየ።

"ጋሼ" አለ በኋላ፣ "የመታወቂያውን ፎቶ የላጥኩት እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ቀስ ብዬ ነበር።"

 ከጓዳ አማረች ምጣዱን ስታስቀምጥ ተሰማ። እሱም አልተነሳም፣ እኔም ሂድ አላልኩትም።