እጁን እስኪያወጣ

«ካሜራውን አምጪው አልኩሽ» አለች አክስቷ።

ልጅቱ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከጎረቤት የተዋሷቸው ወንበሮች ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል፤ ከወንበሮቹ በላይ ሟቹ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በብርድ ወራት ጫካ እየገባ ያነሳቸው ወፎች ተሰቅለዋል። ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ግንደ ቆርቁር፣ ቁራ፣ ደግሞ ድንቢጥ። ብርቅ የሚባል ወፍ የለም። «ብርቅማ ማንም ያነሳዋል» ይል ነበር፤ እሱ የሚኮራው ሰው ሁሉ አይቶ በሚያልፈው ወፍ ነው።

«ባትሪው አልቋል» አለች ልጅቱ።

«ባትሪ ይሞላል። ወንድሜ ስንት ሰዓት እንደሞተ ልወቅ።»

ባትሪውን ሄዳ ሰካችው። አክስቷ ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠራች ሴት ናት፤ ሰው ሲሞት ከማልቀሷ በፊት ሰዓት ታያለች። ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ይዛዋለች። ልቡ ነው፤ ባንዴ ቀጥ ብሎ ከሆነ ማንም አያድነውም ነበር፤ ቀስ ብሎ ከሆነ ግን በጊዜ ቢደርስ ይተርፍ ነበር። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ካሜራው ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓት ይዟልና። በማለዳው ማንሳት አቁሞ ከሆነ ልጅቱ ነጻ ናት። ካላቆመ ግን መኪና ውስጥ ማሞቂያ ከፍታ ተቀምጣ አባቷን አስበልታለች። «ከመኪናው እሱ ድረስ ሃምሳ እርምጃ እኮ ነው፤ ሃምሳ» ትላለች አክስትየዋ ለገባው ለቀስተኛ ሁሉ፣ በሹክሹክታ። ሹክሹክታዋ ደግሞ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል።

«ምን ዓይነት ትዕግሥተኛ ሰው ነበር» አለ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንገቱን ወደ አንዷ ድንቢጥ ቀና አድርጎ። «አንዲት ወፍ እስክታርፍለት ስንት ቀን ይጠብቅ ነበር አሉ።»

ለቀስተኛ ሟች ሲያመሰግን ልክ የለውም። ልጅቱ ሻዩን አቀበለችው። ያንን ትዕግሥት እሷ ታውቀዋለች።

ደረቅ ግንድ ይመርጣል፤ በጀርባው በኩል ይሰረስርና ጥሬና ስብ ይጠቀጥቅበታል። ፎቶው ላይ ጥሬው አይታይም፤ ወፏ በገዛ ፈቃዷ መጥታ ያረፈች ትመስላለች። አንድ ወር ሙሉ እየተመላለሰ ያስለምዳቸዋል። በዚያ ውርጭ ሌላ የሚቀመስ ነገር ስለሌለ ከግንዱ አይርቁም። የፈለገውን ፎቶ ያገኘ ቀን ታዲያ ግንዱን ነቅሎ መኪናው ላይ ይጭናል። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ወፎቹ ባዶው ቦታ ላይ ሲዞሩ አይታ፣ «አባዬ፣ ትንሽ ጥሬ እንተውላቸው» አለችው።

«ፎቶው ወጥቷል» አላት።

እሷንም እንዲያነሳት የለመነችው የዚያኑ ቀን ነው። «አንቺ እንደሆን አትበሪ፤ ምን አስቸኮለሽ» ብሎ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ብዙም አይታ ስለማታውቅ አብራው ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ሽሽ» ይሉታል፤ አጠገቡ ሰው ከተነፈሰ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋልና። ጉልበቱ ሲደክም መንዳቱ ወደ እሷ ዞረ። ሕጉ አንድ ነበር። እሱ ከግንዱ ፊት ለፊት በተከለው መደበቂያ ድንኳን ውስጥ ይገባል፤ እሷ መኪናው ውስጥ ትቆያለች፤ እጁን በድንኳኑ ቀዳዳ እስኪያወጣ ድረስ ሰማይ ቢደፋ የመኪናው በር አይከፈትም። አንድ ጊዜ ብቻ ጥሳዋለች። የረሳውን መድኃኒት ልታቀብለው ወረደች፤ ግንደ ቆርቁሩ በረረ። ሁለት ወር አላናገራትም። የሚፈልገውን ብጣሽ ወረቀት ላይ እየጻፈ ጠረጴዛው ላይ ይተውላት ነበር። «ጨው አንሶታል።» «በሩን ቀስ።» የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ የሰው ድምፅ ናፍቋት፣ ወጥ ቤት ገብታ ከድስቱ ጋር ታወራ ነበር።

በሞተበት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ገባ። እሷ ጠበቀች። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስትም ሆነ፤ እጁ አልወጣም። ሰባት ሰዓት ላይ ወረደች፤ ያኔም የወረደችው ሰግታ ሳይሆን ተናዳ ነው። በጎኑ ወድቆ፣ ቀዝቅዞ አገኘችው። ካሜራው ከነማቆሚያው ከግንዱ ዞሮ በጎን ቀዳዳ ወደ ውጭ ያይ ነበር። ሲወድቅ ገፍቶት ነው ብላ አላሰበችበትም።

«ሞልቷል እኮ» አለች አክስቷ። የባትሪው መብራት አረንጓዴ ሆኗል።

«መጀመሪያ እኔ ልየው።»

«ምን ልታደርጊው?»

ካሜራውን ይዛ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

ድንቢጥ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ድንቢጥ። ቁራ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከዚያ በኋላ ወፍ የለም። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ያለው መኪናው ነው፤ መኪናው ውስጥ ደግሞ እሷ። ረጅሙ ሌንስ አቅርቦ ቅንድቧን ሳይቀር ያሳያል። ብርቱካን ስትልጥ። ስታዛጋ። ስልኳን እያየች ስትስቅ። የመጀመሪያዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ከዚያ እየተንጋደዱ ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው ላይ ያለው ጎማና ውርጭ ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ከሃያ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሙሉ፣ መጮህ አቅቶት፣ እጁን ማውጣት አቅቶት፣ በአንድ ጣቱ እየተጫነ፣ እሷን ሲያይ ቆይቷል። በአንደኛው ፎቶ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ታያለች፤ አፏ ተከፍቷል። ምን እያለች እንደነበር አልረሳችውም። ብቻዋን፣ ጮክ ብላ፣ «እዚያው ክው በልልኝ» ነበር ያለችው።

መኪናው ያለባቸውን ሁሉ መረጠችና መሰረዣውን ተጫነች። «ይጥፉ?» ብሎ ጠየቃት። አንዴ ብትነካው የመጨረሻው ፎቶ ቁራው ይሆናል። ባንዴ ቀጥ አለ፤ ማንም አያድነውም ነበር፤ አክስቷም አፏን ትይዛለች። ጣቷ እዚያው ላይ ቆየ። አባቷ በሕይወቱ ያነሳት እነዚህን ብቻ ነው። ሌላ የላትም፤ ከእንግዲህም አይኖራትም። «አይ» የሚለውን ነካችው።

በሩን ከፍታ ወጣችና ካሜራውን ለአክስቷ ሰጠቻት። ዳቦ ጋጋሪው ወፍ ሊያይ ከጎን አንገቱን አሰገገና፣ ቶሎ ብሎ ወደ ሻዩ ዞረ። አክስትየዋ አልቸኮለችም። አንድ በአንድ ገፋቻቸው፤ ሰዓቱን አየች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ደግማ አየች። ልጅቱ ስድቡን ጠበቀች፤ ጥፊም ቢሆን አትሸሽም ነበር።

«ጥሩ ወጥተሽበታል» አለች አክስቷ ካሜራውን እየመለሰችላት። «ኮሌታሽ ብቻ ተጣሟል።»

ልጅቱ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ካሜራውን ጭኗ ላይ አደረገችው። የዛሬው ጥቁር ቀሚሷ ኮሌታ የለውም። ለቀስተኛው ሁሉ እያያት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ የሌለውን ኮሌታ በሁለት ጣቶቿ ይዛ አቃናችው።