የሃሊሞ ግማሽ

መጽሐፉን በሽንኩርት ቢላዋ ለሁለት የከፈልነው እኔና ሃሊሞ ነን። ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች ይህን ስነግራቸው ይደነግጣሉ። መጽሐፍ አክብሩ እያለች ስትጨቀጭቃቸው የምትውል ሴትዮ እንዲህ ያለ ነገር ታደርጋለች ብለው አያምኑም። ይደንግጡ። እነሱ ወንዙን በድልድይ የሚሻገሩ ናቸው።

እኛ ከዚራ ነበር የምንኖረው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከዛፎቹ ሥር ካሉት ቤቶች አንዱ ደርሶናል። ሃሊሞ ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ነበረች፤ እናቷ እማማ ፋዱማ ጨርቅ ይነግዳሉ። በበጋ ደቻቱ አሸዋ ብቻ ነው፤ እየተሯሯጥን እንሻገረዋለን። ክረምት ሲሆን ግን ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ሳይታሰብ ይወርድና ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ እናቶቻችንም ወደ ወንዙ ዝር እንዳትሉ ይሉናል። መጽሐፉ አንድ፣ እኛ ሁለት። ሌላ ምን እናድርግ?

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ሁለታችንም ነርስ መሆን እንፈልግ ነበርና የመግቢያው ፈተና እንግሊዝኛ ያስፈራን ነበር። ህንዳዊው መምህራችን «የክፍል መጽሐፋችሁ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ነው የሚበቃችሁ። ቃል ከፈለጋችሁ ድሮ የተጻፈ ወፍራም የታሪክ ልብ ወለድ አንብቡ» አሉን። ቀፊራ ገበያ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ አገኘን። እንግሊዞች ከጣልያን በኋላ ከተማው ውስጥ ሰንብተው ሲሄዱ የተዉት ሳይሆን አይቀርም። የጥንት ነገሥታት ዘመን ታሪክ ነው፤ ግንብ አለ፣ ጋሻና ጦር የያዙ ፈረሰኞች አሉ፣ የግንቡ ጌታ አንዲት ልጅ አለችው።

የአጠናኑን ዘዴ ያወጣችው ሃሊሞ ናት። ያገኘሽውን ቃል ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ላይ ካልተጠቀምሽበት ያንቺ አይደለም ትላለች። ሰውየው እንግሊዝኛ ባይሰማ ግድ የላትም። ቲማቲም ሻጯን ዛምዛምን «ክብርት ልዕልት ሆይ» እያለች በእንግሊዝኛ ትለማመጣታለች። እኔም አንድ ቀን ሳምቡሳ ሻጩ ሂርሲ ያደረ ሳምቡሳ ቢሰጠኝ፣ ጌታውን የከዳ ፈረሰኛ ብዬ ሰደብኩት። ያመሰገንኩት መስሎት አንድ መረቀልኝ። ሃሊሞ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ክረምቱ ሲገባ ነው የከፈልነው። የመጀመሪያው ግማሽ ለእሷ፣ ሁለተኛው ለእኔ ደረሰ። ውሃው ሲጎድል ልንቀያየር፣ እስከዚያ ግን አንዳችን ለሌላዋ ታሪኩን ላንነግር ተማማልን። የእሷ ግማሽ፣ ኋላ እንዳወቅሁት፣ ግብዣ፣ አደንና የሌሎች ሰርግ ነው። መጨረሻው ላይ ጠላት ግንቡን ይከባል፣ የጌታው ልጅ በንዳድ ትወድቃለች፣ እጮኛዋም ሐኪም ሊያመጣላት ፈረሱን ጭኖ ይወጣል። የእኔ ግማሽ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሐኪሙ አይደርስም። ልጅቷ ወዲያው ትሞታለች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ለቅሶና በቀል ነው። በዚያ ክረምት ከፈን፣ መቃብር፣ ሙሾ፣ ቸነፈር የሚሉትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ቻልኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማንን እንደምላቸው ግን ግራ ገባኝ። እናቴን በሙሾ ሰላም አልላት ነገር።

ውሃው ጎድሎ ግማሼን ይዤ ስሻገር ሃሊሞ ተኝታ አገኘኋት። ወባ ነው ብለው ኪኒን ሰጥተዋት ነበር፤ ወባ አልነበረም። ከጉንጯ ላይ ሥጋ የሚባል ጠፍቷል። እማማ ፋዱማ በር ላይ ያዝ አድርገውኝ፣ ሐኪሙ እቤት ውሰዷት እንዳላቸው በሹክሹክታ ነገሩኝ።

«አመጣሽው?» አለችኝ ሃሊሞ።

«አመጣሁት።»

«አቦ አንብቢልኝ፣ እኔ ዓይኔን እያመመኝ ነው። ልጅቷ ዳነች?»

እማማ ፋዱማ ግንባሯ ላይ ያለውን እርጥብ ጨርቅ እየቀየሩ ቀና ብለው አዩኝ። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ስለ ግንቡ ልጅ ግን ሃሊሞ ነግራቸዋለች። ገለጥኩት። የተጻፈውን ለማንበብ አፌ እምቢ አለኝ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ፤ ሐኪሙን በደኅና አደረስኩት፣ መድኃኒቱን አጠጣኋት፣ ዓይኗን እንድትገልጥ አደረግሁ። እንግሊዝኛዬ እስከዚያ ድረስ ወሰደኝ።

አሁን ልድራት ነው። እዚህ ላይ ጥርቅም አልኩ። የማውቀው ደወል የቀብር ነው። የማውቀው ልብስ ከፈን ነው። ሴቶች ተሰብስበው ሲያለቅሱ የሚባለውን አውቃለሁ፣ ሲዘፍኑ የሚባለውን አላውቅም።

ሃሊሞ ዓይኗን እንደጨፈነች አንድ ቃል አቀበለችኝ፤ የሰርግ ደወል። ተቀብያት ቀጠልኩ። ደግሞ ስደናቀፍ ሌላ ሰጠችኝ፤ የሙሽራዋን ልብስ፣ የአበባውን ጉንጉን፣ እንግዶቹ የሚያነሱትን ጽዋ። ድምጿ እየሳሳ ሄደ እንጂ ቃሉን አንድም ጊዜ አልሳተችም። እንዲህ ተጋግዘን ልጅቷን ዳርናት።

ስጨርስ ዓይኗን ገለጠች።

«የሺ» አለችኝ በአማርኛ። «እነዚህ ቃላት ያንቺ ግማሽ ውስጥ የሉም አይደል?»

ልዋሻት አልቻልኩም። «የሉም» አልኳት።

«ገብቶኛል።» እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ያቃጥላል። «ለሆዮ ንገሪያት። ዳነች በያት።» እናቷን እንዲያ ነው የምትጠራት።

ዞር አልኩና «እማማ ፋዱማ፣ ልጅቷ ዳነች። ተዳረችም» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ጨርቁን እንደያዙ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አሹ። ከገባሁ ጀምሮ ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሃሊሞ በዚያው ሳምንት ሞተች። ወንዶቹ ተሸክመዋት ሲወጡ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ። ጥግ ይዤ ያን ክረምት የተማርኳቸውን ቃላት አንድ በአንድ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ በእንግሊዝኛ አልኳቸው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። በሃሊሞ ሕግ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ናቸው፤ ባይሆኑ በወደድኩ።

ልሄድ ስነሳ እማማ ፋዱማ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያቺ ልጅ የዳነችበትን ወረቀት ተዪልኝ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ከሃሊሞ ግማሽ ጋር ገጥመው፣ ከሚሸጡት ጨርቅ ደኅናውን ቀደው ጠቀለሉትና ሣጥናቸው ውስጥ አኖሩት። ብቻቸውን ሲሆኑ አውጥተው እቅፋቸው ውስጥ እንደሚያስቀምጡት ጎረቤቶች ነግረውኛል። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ እንግዳ እቤታቸው ገባ በተባለ ቁጥር ጥቅሉን አውጥተው ያስነብቡት ይሆን እያልኩ እሰጋ ነበር።